መልስ፦ ጓደኛን ለማዳን መዋሸትም አይፈቀድም?

ሰላም እህቴ። «ጓደኛዬን ሊገድል የመጣ ሰው እቤት አለ ወይ ቢለኝ እንኳ አትዋሺ የሚል ፈላስፋ እንዴት ትልቅ ይባላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ፈላስፋው ጀርመናዊው ኢማኑኤል ካንት ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቤንጃሚን ኮንስታን ይህንኑ አንስቶ ተችቶት ነበር። ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. በአጭር ጽሑፍ መለሰለት፤ አቋሙን ግን አልቀየረም።

ምክንያቱን ቀረብ ብለሽ እዪው። ለካንት ዋናው የምትመሪበት ደንብ ነው። ሁሉም ሰው ቢከተለው ይጸናል ወይ? እንደማትመልሺ እያወቅሽ «የወሩ መጨረሻ ላይ እመልሳለሁ» ብለሽ ብር ተበደርሽ እንበል። ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ያንን ቃል ማን ያምናል? የሚያበድርም አይገኝም። ውሸቱ የቆመበትን መሬት ራሱ ይንደዋል። አበዳሪሽንም እንደ ዕቃ ተጠቀምሽበት፤ እውነቱን ቢያውቅ እሺ አይልማ! ይሄ ሐሳብ ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል።

እንግሊዛውያኑ ፈላስፎች ቤንታምና ሚል ግን ከድርጊቱ ውጤት ነው የሚነሱት። በእነሱ ሚዛን በሩ ላይ ለቆመው ገዳይ መዋሸት ትክክል ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው።

እኔም በበሩ ጉዳይ ካንት ተሳስቷል ባይ ነኝ። ገዳዩ የእኔን እውነት መሣሪያው ሊያደርገው ነው የመጣው። ብነግረው የእሱ መጠቀሚያ ሆንኩ ማለት ነው። ሰውን መጠቀሚያ ብቻ አታድርጉ ያለው ደግሞ ራሱ ካንት ነው።

አንድ ነገር ግን አስተውዪ። ካንት የግድ ንገሪው አላለም። የሚያወራው መልስ ከመስጠት ማምለጥ ስለማይቻልበት ሁኔታ ነው። ዝም ማለት ከቻልሽ፣ ዝም በዪ።