እንግሊዝኛን በልብ ወለድ ማሻሻል፦ የመጣላችሁን ጠይቁኝ

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እኔ ራሴ ግን ከክፍል ይልቅ ከልብ ወለድ ነው የተማርኩት። ዛሬ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሼክስፒርን ጀምሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆምኩ። ችግሩ እኔ ነኝ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ሰውየው የሞተው በ1616 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱትም የግርጌ ማስታወሻ እያዩ ነው የሚያነቡት። ለጊዜው ተወው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን ልጀምር?

መልስ፦ ለተማሪ ተመጥነው በተጻፉ መጻሕፍት፣ ግሬድድ ሪደርስ በሚባሉት። የኦክስፎርድ ቡክዎርምስን ብትወስድ የመነሻው ደረጃ 250 ቃላት ገደማ ነው፣ ስድስተኛው 2,500። “የልጅ ነው” ብለህ አትፈር። አጥኚዎች እንደሚሉት ያለ መዝገበ ቃላት ተመችቶህ ለማንበብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ አለብህ፣ ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ ከአምስት በላይ አዲስ ቃል ከገጠመህ አንድ ደረጃ ውረድ።

ጥያቄ፦ የማላውቀውን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ግን አንዱም አይያዘኝም።

መልስ፦ ንባቡን የቤት ሥራ አደረግሽው እኮ። ቃሉ መጀመሪያ ሲመጣ እለፊው። ደጋግሞ ከመጣ ወይም ያለ እሱ ታሪኩ ከጠፋብሽ ያኔ ፈልጊው፣ ስትጽፊውም ከነዐረፍተ ነገሩ ይሁን። ለምን መሰለሽ? በአማርኛ ስህተትም የቤት ሥራም “እንሠራለን”። በእንግሊዝኛ ግን ስህተቱ “ሜክ”፣ የቤት ሥራው “ዱ” ነው። ለዚህ የሚያስተማምን ሕግ የለም፤ ቃላቱን አብረው ሲሄዱ ደጋግመሽ ስታያቸው ነው ጆሮሽ የሚለምደው፣ እና ያንን ድግግሞሽ ሳይሰለችሽ የሚሰጥሽ ታሪክ ነው። ዝርዝር ቃል መሸምደድ ይሄን አይሰጥሽም።

ጥያቄ፦ ማንበብ ለንግግር ይጠቅማል?

መልስ፦ በከፊል። ጆሴፍ ኮንራድ የተባለው ደራሲ ፖላንዳዊ ነው፣ እንግሊዝኛን የለመደው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፣ ያውም ሦስተኛ ቋንቋው ሆኖ። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ስሙ ከታላላቆቹ ጋር ይጠራል። ሲናገር ግን ከባድ የባዕድ ቅላጼው እስኪሞት አልለቀቀውም። ስለዚህ የመጽሐፉን የድምፅ ቅጂ ካገኘህ እየሰማህ አንብብ። ምዕራፉ ሲያልቅ ደግሞ መጽሐፉን ዘግተህ ታሪኩን ጮክ ብለህ ተርከው፣ ሰው ባይኖርም ለግድግዳው። (እብድ ቢሉህም ግድ የለም።)

ጥያቄ፦ ግጥምስ?

መልስ፦ ለጆሮ ደስ ይላል። ሰዋስው ግን ከገጣሚ አትማሩ፣ ቃላቱን እንዳሻው ነው የሚያገላብጣቸው።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ መግዣ የለኝም።

መልስ፦ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ በነፃ ነው። አብዛኞቹ መጻሕፍት የቆዩ ስለሆኑ ቋንቋቸው ይከብዳል፣ አጫጭር ልብ ወለዶቹን አስቀድም።

ጥያቄ፦ የጀመርኩት ቢሰለቸኝስ? መጨረስ አለብኝ?

መልስ፦ ማን ፈረደብህ? እኔ ሃያ ገጽ ድረስ እታገሳለሁ፣ ካልያዘኝ ቻው።