መልስ፦ ልጅህ በሌጎ ለሠራት ጥንዚዛ ሥራ ፍለጋ

ከክንፏ ሳይሆን ከምትበላው ነገር ጀምሩ። "ቆንጆ ጥንዚዛ ሠርተናል፣ ግን በተፈጥሮ ውስጥ ሥራዋ ምን ይሁን?" ብለህ የተቸገርከው አካሏን ጨርሳችሁ ሥራ ስለፈለጋችሁላት ነው።

ጎንደር ከሆንክማ ቀላል ነው። ልጁን ይዘህ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂድ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቁጭ በሉና የወደቀውን ቅጠል በእንጨት ገለጥ አድርጉት። ላዩ ደረቅ ነው፤ ሥሩ ግን እርጥብና ጥቁር፣ ግማሹ አፈር ሆኗል። "ይሄን ማን ሠራው?" ብለህ ጠይቀው። ከመልሱ ውስጥ ለጥንዚዛችሁ ሥራ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ብሎኮቹን በሥራዋ ልክ ቀይሩ። ቅጠል የምትቆራርጥ ከሆነ ጠንካራ መንጋጋ ስጧት። አበባ ለአበባ የምትዞር ከሆነ የአበባ ዱቄት የሚይዝ ሸካራ እግር ያስፈልጋታል። እበት የምትቀብር ከሆነ ደግሞ የፊት እግሮቿ እንደ አካፋ ሰፋ ይበሉ። እውነተኞቹም እንዲህ ናቸው፤ እበቱን ቀብረው አፈሩን ያለማሉ፣ ዝንብ የሚራባበትንም ይቀንሳሉ። እግር 6፣ የአካል ክፍል 3 መሆኑን አትርሱ፤ 8 እግር የሸረሪት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የሚበላት እንስሳም ይኑር። የኔ ልጅ አምና ክረምት ሁሉን የምትበላ፣ ማንም የማይነካት ነፍሳት ሠራች። ታናሽ ወንድሟ "ታዲያ ወፎቹ ምን ሊበሉ ነው?" ሲላት ዝም አለች። ማታውኑ ከቢጫ ብሎክ ወፍ ሠራችላት።