ጅማ ለመምህርነት ሥልጠና ለገባችሁ

ልጆቼ፣ ከግቢ ወጥታችሁ ከተማውን በእግራችሁ ዙሩ። ይህን የምላችሁ ለሽርሽር ብዬ አይደለም፤ ሽርሽሩም ቢሆን አይከፋም። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቼ ጅማ የሠለጠንኩ፣ ከዚያም በመምህርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የሥነ ዘዴ ማስታወሻ ደብተሬን ምስጥ ከበላው ቆይቷል። በእግሬ ያወቅኋቸው ሰፈሮች ግን መምህር ሆኜ እስከኖርኩ ድረስ ሲጠቅሙኝ ኖረዋል።

ከጅሬን ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ላይ ነው፤ የእንጨት ሥራው ብቻውን ያንን ሁሉ ዳገት ያስወጣል። ንጉሡ ከላይ ሲቀመጡ የሂርማታ ገበያ ከታች ነበር። የዛሬዋ ከተማ ያደገችው ቤተ መንግሥቱን ሳይሆን ገበያውን ይዛ ነው፤ ጣልያንም በወረራው ዘመን ሕንጻውን የደረደረው እዚያው ታች አዌቱ ወንዝ አካባቢ ነው። ቤቱን ጎብኝታችሁ ስትወጡ ቁልቁል እዩና ወረቀት አውጡ። አዌቱን፣ መርካቶን፣ ፈረንጅ አራዳን፣ ልምምድ የምትወጡበትን ትምህርት ቤት ጨምራችሁ በእጃችሁ ሣሉ። ስልካችሁ ካርታ እንዳለው አውቃለሁ፤ ጭቃው የቱ ጋ እግር እንደሚይዝ ግን አይነግራችሁም።

ጭቃውን አቅልላችሁ አትዩት። ጅማ ላይ ዝናቡ ክረምትን አይጠብቅም፤ መጋቢት ላይ ጀምሮ መስከረምንም ያልፋል። አርፍዶ የመጣን ልጅ መንገዱን ሳያውቁ በር ላይ የሚያንበረክኩ መምህራን ገጥመውኛል፤ አንዳቸውም የልጁን ሰፈር ረግጠውት አያውቁም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥታችሁ፣ በጣም ሩቅ ነው የሚባለው ተማሪ ቤት ድረስ ዝናብ ባባራ ማግሥት ሂዱ። በባጃጅ አይደለም፣ በእግር። ደግሞም የማስተማሪያ ዕቅድ ስታወጡ ዝናቡን አስቡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የማንም መምህር ድምፅ አይሰማም፤ ጉሮሮን ከማድረቅ በጽሞና የሚነበብ ወይም የሚሣል ነገር አዘጋጅቶ መጠበቅ ይሻላል።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። የከሰዓት ፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ በዚያ ቀን አንዳንድ ወንበሮች ባዶ ሲሆኑ ታያላችሁ፤ ገበያ ብትወርዱ ልጆቹን ፌስታል ሲሸጡ ወይም የእናታቸውን መደብ ሲጠብቁ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ሐሙስ ከሰዓት አዲስ ምዕራፍ መጀመር ትቼ ነበር፤ ክለሳ እሠራበት ነበር። ገበያ ውስጥ ስታገኟቸው ግን የመምህር ፊት አታሳዩአቸው። ሰላም ብላችሁ፣ ከቻላችሁም አንድ ነገር ገዝታችሁ እለፉ።

እዚያው የእንጨት ዕቃ ተራ ሄዳችሁ የጅማን በርጩማ ተመልከቱ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ምስማር የለውም፣ ሙጫ የለውም፣ መገጣጠሚያም የለውም። አንዱን ጠራቢ እግሩን ለምን ሦስት እንዳደረገው ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ በርጩማውን ወጣ ገባ ከሆነው መሬት ላይ አኑሮ በእጁ ተቀመጥ የሚል ምልክት አሳየኝ። ተቀመጥሁ፤ አልተነቃነቀም። እሱ ራሱ የተቀመጠበት ባለአራት እግር ዱካ ግን አንድ እግሩ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ሰውየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም አንድ ጠለል ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ላያርፍ ይችላል። በርጩማውን ተሸክሜ ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ሣቁ፤ ደወሉ እስኪደወል ግን ወለሉ ላይ ጠጠር እያስቀመጡ ሲሞክሩት ቆዩ። ለመርጃ መሣሪያ ተብሎ ስንት ካርቶን እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ ግማሹ ከገምጋሚው በቀር ማንንም አያስተምርም።

አፋን ኦሮሞ የማትችሉ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመግዛት ጀምሩ። ቁጥሩን ገበያ ላይ በአንድ ወር ትለምዱታላችሁ። ይስቁባችኋል፤ ይሣቁ። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። በአማርኛ በሚያስተምር ክፍል ብትመደቡ እንኳ ወላጅ ሲጠራ የሚመጡት አያት አማርኛ ላይናገሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያጣምም ገምቱት።

ወደ ገጠሩ ዳርቻ ለልምምድ የምትወጡ ደግሞ የቡናውን ወቅት ዕወቁ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ይለቀማል፤ ቤተሰብ ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር ማሳ ውስጥ ናቸው። ትልቁን ፈተና በዚያ ሰሞን አድርጎ ሰነፎች ናቸው ብሎ መመዝገብ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከኅብረተሰቡ መሐል ልኮ በማስተማር ይታወቃል። የጤና ተማሪ በሽተኛው ከሚኖርበት ቀበሌ ገብቶ ጉድጓድ ውኃውንና መጸዳጃውን ያያል። እኛ መምህራን ይህን ለምን ለሐኪሞች እንደተውንላቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ማንም ባይልካችሁ ራሳችሁን ላኩ። ሲመሽ ብቻችሁን አትዙሩ፣ ሳትጠይቁ የሰው ፎቶግራፍ አታንሡ፤ ቡና ጠጡ ስትባሉ ግን ጊዜ ካላችሁ እንቢ አትበሉ፤ ስለ ሰፈሩ የማታውቁትን ሁሉ እዚያ ትሰማላችሁ።

ተመርቃችሁ ሌላ ከተማ ስትመደቡ ደግሞ፣ ከርእሰ መምህሩ ቀጥላችሁ ዘበኛውን ተዋወቁ። የትኛው ልጅ በየትኛው በኩል እንደሚመጣ፣ ማን ቁርስ ሳይበላ እንደሚገባ፣ ማንን ታላቅ እኅቱ እንደምታሳድገው በር ላይ ቆሞ ያያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው የለም።