ላሜራው ፕሬስ ላይ እየተሰነጠቀ ለተቸገራችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም፣ 1 ሚሊሜትር ኮልድ ሮልድ (በብርድ የተዳመጠ) ላሜራ በፕሬስ ጎድጓዳ ቅርፅ ላወጣለት ስል ጥጉ ላይ ይሰነጠቅብኛል። በጋዝ ነበልባል ደማቅ ቀይ እስኪሆን አሙቄ ውሃ ውስጥ ስነክረው ለስለስ አለ፣ ግን ሲወጠር አንዳንዱ ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ የተዛቡ መስመሮች ይወጣሉ። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የገዛኸው ከሮለር እንደወጣ የቀረ፣ ፉል ሃርድ የሚሉት ዓይነት ይመስለኛል። በብርድ ሲዳመጥ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 በመቶ ስለሚቀንስ ውስጡ ያሉት ግሬኖች፣ ማለትም ጥቃቅን የብረት ክሪስታሎች፣ ተጨፍልቀው ይደድራሉ፣ የመለጠጥ አቅሙም ያልቃል። ስለዚህ ማሞቅህ ልክ ነው፣ አኒሊንግ እሱ ነው፣ በተጨፈለቁት ግሬኖች ምትክ አዳዲስ ይፈጠራሉ። ችግሩ ያሞቅክበት መንገድ ላይ ነው።

መሻከሩ የመጣው ግሬኑ ከመጠን በላይ ስላደገ ነው። በነበልባል ስታሞቅ አንዱ ቦታ ሌላውን ጥሎት ይሄዳል፣ ቀለሙም እንደ ክፍሉ ብርሃን ስለሚለያይ ዓይንህን አትመን። ቴርሞኮፕል (የሙቀት መለኪያ) ያለው ፈርነስ (ምድጃ) ፈልግና 680 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያዘው፣ 727ን አትለፍ፣ ከዛ በላይ የብረቱ አወቃቀር ራሱ መለወጥ ይጀምራል። ጥቂት ላሜራ ከሆነ እስከ መሀሉ እኩል ከሞቀ በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። አየር ካገኘው ቅርፊት ያወጣል፣ ፋብሪካዎች ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፣ አንተ ቢያንስ በደንብ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አርገው።

ውሃውን ግን እባክህ ተወው! ድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ እንደሟሟ ይቀርና በቀናት ውስጥ መልሶ ያደድረዋል፣ እዛው ፈርነሱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይብረድ።

መስመሮቹ ደሞ የሉደርስ መስመር ይባላሉ። የሟሟው ካርቦንና ናይትሮጅን ብረቱን ቆልፈው ይይዙትና ሲወጠር ባንዴ፣ ቦታ እየመረጡ ይለቁታል። መድሃኒቱ ከአኒሊንግ በኋላ 1 በመቶ ገደማ ብቻ በብርድ ማዳመጥ፣ ስኪን ፓስ የሚባለው ነው። እሱንም ካረክ በኋላ ላሜራውን ብዙ አታስቀምጠው፣ ናይትሮጅኑ እያደር መልሶ ይቆልፈዋል። በአሉሚኒየም የታከመ፣ ማለትም ሲቀልጥ አሉሚኒየም የተጨመረበት ብረት ካገኘህ ግን አሉሚኒየሙ ናይትሮጅኑን ስለሚይዘው ብዙ ይቆይልሃል፣ ለጥልቅ ቅርፅ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ፕሬሱ ላይ ከመጫንህ በፊት ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ቁራጭ ቆርጠህ እጠፈውና ጫፍ ለጫፍ አገናኘው፣ እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ገና አልለሰለሰም፣ ከሻከረ ደሞ ሙቀቱን ወይ ሰዓቱን ቀንስ።