ጥያቄና መልስ፦ መቶ ዲናርም ገንዘብ ነው

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ከእኔ የተበደረውን ገንዘብ ካደኝ። ችግሬን ለምእመናን ሳካፍል «ይቅር ያላለውን ባሪያ ምሳሌ አንብቢ» ብለው መለሱኝ። ይቅር ማለት ገንዘቤን ትቼ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኜ መኖር ማለት ነው?

መልስ፦ ምሳሌው ያለው ማቴዎስ 18፥23-35 ላይ ነው፦ ንጉሥ 10,000 መክሊት ዕዳ የተወለት ባሪያ፣ 100 ዲናር ብቻ ያለበትን ባልንጀራውን አልምር አለ። ንባብዎን ግን ከቁጥር 15 ይጀምሩ። ጌታ እዚያ ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ብቻውን አግኝተህ ውቀሰው፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ እነርሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው? እስከ ሰባት ጊዜን?» ያለው ይህን ትምህርት ተከትሎ ነው፤ ምሳሌው የተነገረውም ለእርሱ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው። እንግዲህ በደልን መናገር አልተከለከለም። ምሳሌውን ከዚህ ቆርጠው ተበዳይን ዝም ለማሰኘት የሚያውሉት ሰዎች፣ በቅን ልብም ቢሆን፣ ምዕራፉን ከግማሽ ነው የሚጀምሩት።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው (ማቴ. 20፥2)። ስለዚህ 100 ዲናር ከሦስት ወር በላይ የጉልበት ዋጋ ነው። ጌታ የባልንጀራውን ዕዳ ሁለት ሦስት ዲናር ሊያደርገው ይችል ነበር፤ አላደረገውም። እርስዎም የደረሰብዎትን በደል እንደ ቀላል ነገር እንዲቆጥሩት ማንም ሊያስገድድዎ አይገባም። በሌላ በኩል አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይገመታል፤ 10,000 መክሊት እንግዲህ 60 ሚሊዮን ዲናር መሆኑ ነው። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ደመወዙን አንድም ሳይነካ ቢያጠራቅም 200,000 ዓመት ይፈጅበታል! ባሪያው «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ሲል የማይሆነውን ነው ቃል የገባው። ንጉሡ ደግሞ የተለመነውን ጊዜ አልሰጠም፤ ዕዳውን ጨርሶ ተወለት እንጂ። ከዚያ ወጥቶ ባገኘው ባልንጀራው ፊት ያው ልመና ሲደገም፣ የባልንጀራው ዕዳ በእርግጥም ጊዜ ቢያገኝ ሊከፈል የሚችል ነበር። እርሱ ግን አንቆ ያዘው፤ ወኅኒ አስገባው።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ መቼና በምን ስምምነት እንደሰጡት በወረቀት ያስፍሩ። ስሙ ያልተጠራ በደል ይዳፈናል እንጂ ይቅር አይባልም፤ «ምንም አይደል» ብለው ያለፉት ነገር ከዓመት በኋላ በሌላ ጠብ መሐል ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ቀጥለው ሰውየውን ብቻውን ያነጋግሩት፣ ያውም ወሬው ለዘመድ አዝማድ ከመድረሱ በፊት። በዚህ ሁሉ መካከል ይቅርታን፣ ዕርቅንና አመኔታን አያደባልቁ። ይቅርታ በቀልን መተው ነው፤ እርሱ ባይመጣም ከእርስዎ ሊጀመር ይችላል። ዕርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አመኔታ ደግሞ በጊዜ የሚመለስ ነገር ነው፣ ላይመለስም ይችላል፤ ይቅር ያሉትን ሰው ዳግም የማበደር ግዴታ የለብዎትም። ገንዘቡን መተው ይችላሉ፣ በሰላም መጠየቅም ይችላሉ። ምሳሌው የሚኮንነው ማነቁን ነው።

ጥያቄ፦ ሉቃስ 16 ላይ አጭበርባሪው መጋቢ ተመሰገነ። ይህን ለልጆቼ እንዴት ላስረዳቸው?

መልስ፦ በማጭበርበሩ አልተመሰገነም። ቁጥር 8 እያመሰገነውም «ዓመፀኛው መጋቢ» ይለዋል፤ የምስጋናው ምክንያት «በልባምነት ስላደረገ» የሚለው ነው። ሰውየው ከሥራው ሊወጣ ነው፤ ለመቆፈር ኃይል የለውም፣ ለመለመን ያፍራል። መዝገቡ ገና ከእጁ ሳይወጣ የጌታውን ባለዕዳዎች አንድ በአንድ ጠርቶ 100 ማድጋ ዘይት ያለበትን 50፣ 100 ቁና ስንዴ ያለበትን 80 ብለህ ጻፍ አለው። «ፈጥነህ ተቀምጠህ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። የሚመጣበትን ቀን አውቆ፣ ዛሬ በእጁ ያለውን ለዚያ ቀን አዋለ፤ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ቁጥር 9 ይህንኑ ወደ ገንዘብ አያያዛችን ያመጣዋል። ቁጥር 10 ከጥቂቱ ጀምሮ መታመንን ስለሚጠይቅ ለስርቆት ሰበብ አይተውም።

መጋቢው የቀነሰው የራሱን ድርሻ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። ምንባቡ እንዲያ አይልም፤ ሰውየውን ንጹሕ ለማድረግ መድከምም አያስፈልግም። ለልጆቹ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ሰውየው ምን ሊመጣበት እንደሆነ አወቀ? ባወቀ ጊዜ ምን አደረገ? ምንስ ያጠፋው ነገር አለ? ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት፤ ልጆች ጎበዝና ጥሩ የተለያዩ መሆናቸውን የሚማሩት በእርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የምጸልይበት ጉዳይ አለኝ። የመበለቲቱ ምሳሌ እግዚአብሔርን እስኪሰለች ነዝንዘው ማለቱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በሉቃስ 18 ያለው ዳኛ እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውንም የማያፍር ነው፤ ጌታ ያቀረበውም ከእግዚአብሔር ጋር ሊያነጻጽረው እንጂ ሊያመሳስለው አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ ደጋግማ ለለመነችው መበለት ከፈረደላት፣ ቀንና ሌሊት ወደ እርሱ ለሚጮኹት እግዚአብሔር እንዴት አይፈርድላቸውም ነው ነገሩ። የምሳሌውን ዓላማ ወንጌላዊው ቁጥር 1 ላይ አስቀምጦታል፦ ሳይታክቱ መጸለይ። መበለቲቱ ለመነች የተባለው ፍርድ መሆኑንም አይርሱ፤ የፈለጉት ሁሉ እንደሚሰጥ የሚናገር ምሳሌ አይደለም። ረጅሙ ልመና ካደከመዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አድርገው በየቀኑ ያቅርቡት።

ጥያቄ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እመራለሁ። የዘሪውን ምሳሌ ስናነሳ ሁሌ «እኔ የትኛው መሬት ነኝ?» ላይ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። አንድ ሰዓት ነው ያለን።

መልስ፦ ጥያቄው የሚቆመው ዘሩ የወደቀባቸውን አራቱን መሬት (መንገድ ዳር፣ ጭንጫ፣ እሾህና መልካም መሬት) አራት ዓይነት የማይለወጡ ሰዎች አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ነው። በማርቆስ 4 ይሞክሩት። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቁጥር 3-9ን ብቻ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና አንድ ሰው በቃሉ ይተርከው። ቀጣዩ 15 ደቂቃ ዘሩ በምን በምን እንደጠፋ ለማየት ይዋል፦ በወፎች፣ ጥልቅ አፈር ባለመኖሩ በፀሐይ፣ በእሾህ። ትርጓሜው ያለበትን ቁጥር 13-20 የሚያነቡት ገና አሁን ነው። አስቀድመው ካነበቡት ሰው ምሳሌውን መስማት ያቆማል።

ረጅሙን ጊዜ፣ ወደ 20 ደቂቃ፣ ለእሾሁ ይስጡ። ስለ እሾሁ ዘር ቁጥር 7 «ፍሬም አልሰጠም» ይላል፤ ጠወለገ ወይም ደረቀ አይልም። ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ሊመስል ይችላል፣ አደጋውም ይኸው ነው። ቁጥር 19 እሾሁን በሦስት ይዘረዝረዋል፦ የዚህ ዓለም አሳብ፣ የባለጠግነት ማታለል፣ የሌላውም ነገር ምኞት። እያንዳንዱ ሰው ከእነዚህ አንዱን መርጦ በእርሱ ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል፣ በዚህ ሳምንትም ምኑን እንደሚነቅል ይጻፍ። «ጭንቀት» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ «ማታ ከመተኛቴ በፊት ስለ ሥራ ስልኬን መመልከቴ» ያህል ይወሰን። ጽሑፉ በቡድኑ ፊት አይነበብ፤ እንዲያ ከሆነ ሰው የሚያስመሰግነውን እሾህ መርጦ ይጽፋል። ሁለት ሁለት እየሆኑ ለ10 ደቂቃ ይነጋገሩበት፤ የቀረው 5 ደቂቃ የጸሎት ነው።

መልካሙ መሬት ሠላሳ፣ ስድሳና መቶ ፍሬ አፈራ የሚለው የደረጃ ክርክር ካስነሳ፣ ሦስቱም የወጡት ከአንድ መልካም መሬት መሆኑን ያስታውሱና ይለፉ። ሉቃስ መቶውን ብቻ ጠቅሶ «በመጽናት» የሚል ይጨምርበታል (8፥15)። የሚቀጥለውን ጥናት አዲስ ምዕራፍ ከመክፈትዎ በፊት ጥንዶቹ ተገናኝተው ያ የተጻፈው ነገር ተነቅሎ እንደሆነ ይጠያየቁ።