«አብሽር» ከማለታችን በፊት

ወሎ ውስጥ የፈራ ልጅ የሚታከመው በአንድ ቃል ነው፤ «አብሽር!» ይባላል። ቃሉን እወደዋለሁ። ይሁንና ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳነብ፣ ቸኩለን ስንለው የልጁን አፍ መዝጊያ እንደሚሆን አስተዋልኩ። አምስቱን መርጫለሁ።

«የሰባት ዓመት ልጄን ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። ቅዳሜና እሑድ ደህና ናት። ጤና ጣቢያ ተመርምራ ምንም የለባትም ተባልኩ። አባቷ ‹እያታለለችሽ ነው› ይለኛል። እኔ ግን አንጀቴ አልችል ብሎ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሰባት ቀን አስቀረኋት።» (እናት፣ ከሰኞ ገበያ)

አባቷ ተሳስተዋል፤ እርስዎም ትንሽ ተሳስተዋል። ልጅቷን ሆዷን በእውነት ያማታል። ሰው ሲሰጋ ሰውነቱ ለሩጫ ይዘጋጃል፤ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ሆድም ይታወካል። የሰባት ዓመት ልጅ «ሰግቻለሁ» የምትልበት ቃል ገና የላትም፤ ያላት ቃል «ሆዴን» ነው።

የቀረች ቀን ሕመሙ ወዲያው ይለቃታል። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው፤ «የዳንኩት ስለቀረሁ ነው» ብላ ትማራለች፣ የማግስቱ ጠዋትም ከትናንቱ ይብስባታል። ቢሆንም ከመመለሷ በፊት በእርግጥ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ይጣራ፦ የሚመታት ልጅ፣ አለንጋ የሚያነሳ አስተማሪ፣ በሩ የማይዘጋ መጸዳጃ ቤት። ይህ ጠዋት በር ላይ ተቁሞ አይጠየቅም። ማታ አብራችሁ ምስር ስትለቅሙ፣ ዓይኗን ሳያዩ ይጠይቋት። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

ከዚያ በየደረጃው ይመልሷት። አንድ ሳምንት እስከ ክፍሏ፣ ቀጥሎ እስከ ግቢው በር፣ ቀጥሎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይሸኟት። ስንብቱ አጭር ይሁን፤ ሦስት ጊዜ ተመልሳ የምትስም እናት «እኔም ፈርቻለሁ» እያለች ነው። ይህን የምለው እኔ ራሴ የእናቴን ነጠላ በጥርሴ ነክሼ አልለቅም ያልኩ ልጅ ስለነበርኩ ነው። ነጠላው ተቀደደ፤ ትምህርት ቤቱ ግን አልቀረልኝም። ለአባቷም ሆነ ለእርስዎ የምመክረው አንድ አነጋገር ነው፦ «እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ እንሄዳለን።»

«አንደኛ ክፍል የማስተምራት ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እናቷ ‹ቤት ውስጥ ማን ችሏት› ትላለች።» (መምህርት፣ ከኮምቦልቻ)

እልኸኛ አይደለችም፤ ይህ የታወቀ የጭንቀት ዓይነት ነው። በልጆች ፊት «ዛሬስ ትናገሪያለሽ?» አይበሏት። ራስ መነቅነቅና በጣት ማሳየት ለጊዜው ይበቃል። ከትምህርት በኋላ እናቷ ባዶው ክፍል ውስጥ ታጫውታት፤ እርስዎ መጀመሪያ በር ላይ፣ በሌላ ቀን ጥግ ላይ፣ ቆይቶ አጠገባቸው ይቀመጡ። የተናገረች ዕለት አደራ እንዳታስጨበጭቡ፤ ጭብጨባው መልሶ ይዘጋታል።

«የልጅ ልጄ ጦርነቱ ሲመጣ አራት ዓመቱ ነበር። ዛሬም ሰማይ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር ይገባል። አንዷ ጎረቤቴ ጸበል አስጠምቂው፣ ሌላዋ ቁርኣን ይቀራበት፣ ልጄ ደግሞ ሆስፒታል ይላል።» (አያት፣ ከደሴ)

በጥቅምት 2014 የከባድ መሣሪያ ድምፅ ደሴ ሲደርስ ሕፃን የነበረ ሁሉ «ምን ያስታውሳል» ይባላል። ታሪኩን ባያስታውስም ድምፁ ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል። ከአልጋ ሥር ጎትተው አያውጡት፤ ወለሉ ላይ አጠገቡ ይቀመጡ። ደመናው ጦሳ ተራራ ላይ ሲወርድ «አሁን ያጉረመርማል፣ ዝናብ ነው» ብለው አስቀድመው ይንገሩት። መብረቁ ሲበርቅ ድምፁ እስኪደርስ አብራችሁ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል ማለት ነው። የሚቆጠር ነገር ጥቂት ይገራል። ቡና ላይ ስለዚያ ወራት ስናወራም ጥግ ላይ የተቀመጠ ልጅ እንደሚሰማ እንረሳለን።

ጸሎቱም ዱዓውም ይሁንለት፤ መምታት፣ ማሰርና መድኃኒት ማስጣል እስከሌለበት ድረስ አልቃወምም። ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት የቆየ ፍርሃት የባለሙያ ዓይን ይፈልጋል፤ ልጅዎ ልክ ናቸው። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል (የቀድሞው ሪፈራል) የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈተነው ልጄ እንቅልፍ አጥቷል። ለጥናት ብሎ ጫት ጀምሯል። ‹አብሽር፣ ቀላል ነው› ስለው ተቆጣኝ።» (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

ቢቆጣ አይፈረድበትም፤ ቀላል አይደለማ! በጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው በተሰጠው ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እሱም ያውቃል። «ባይሳካስ?» የሚለውን ጥያቄ አብረውት ይቀመጡበት፤ ስለ አቅም ማሻሻያ (ሪሜዲያል) ትምህርትም ስለ ቴክኒክና ሙያም ያውሩ። መውጫ ያለው ሰው ያነሰ ይፈራል። «የቤተሰቡ ተስፋ አንተ ነህ» የሚለውን እስከ ፈተናው ማግስት ይተዉለት። ስለ ጫቱ ግን አልለሳለስም፦ ልብ ያፋጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ልጅዎ የሚሸሸውን ጭንቀት መልሶ ያመጣበታል። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ ይሥራ፤ ሌሊት ይተኛ።

«16 ዓመቴ ነው። በድንገት ልቤ ይመታል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አሁኑኑ የምሞት ይመስለኛል። ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

ልጄ፣ የጻፍሽው የድንገተኛ ድንጋጤ ምልክት ይመስላል፤ ቢያስፈራም አይገድልም፣ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ጣራው ላይ ደርሶ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ማነስ፣ የእንቅርትና የልብ ችግር አለመሆኑን አረጋግጪ። ሲመጣብሽ ከቦታው አትሩጪ፤ እስከ አራት እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለትልቅ ሰው ንገሪና ሆስፒታል ሂዱ። ለእናትሽ ለመናገር አፍሽ ካልታዘዘሽ ይህን ጽሑፍ ከፍተሽ ስጫትና አጠገቧ ተቀመጪ።