ጥያቄና መልስ፦ የቤተ ክርስቲያን ደን እንዴት ይታጠራል? እንዴትስ ይሟገቱለታል?

አጸድ፦ ዛሬ እስከ ማታ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የደኑን ስፋት፣ ዙሪያው ታጥሮ እንደሆነና ከብት ይገባ እንደሆነ ጻፉ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ የምመልሰው በግምት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ከአሁኑ፦ ከብት ሳይወጣ ችግኝ አትትከሉ።

ማርያም ሰፈር፦ መምህር፣ እንደምን ዋሉ? የደብራችን ደን 5 ሄክታር ያህል ነው፤ ደቡብ ጎንደር። አጥር የለውም፣ ከብት እንዳሻው ይገባል። ምእመናኑ ካብ ለመካብ ተስማምተዋል። ስንት ድንጋይ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን ይፈጃል?

አጸድ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። 5 ሄክታር ፍጹም ክብ ቢሆን ዙሪያው 793 ሜትር ነው። ደን ግን ክብ ሆኖ አይገኝምና ከመቶ 20 ጨምራችሁ 950 ሜትር ያዙ። የካቡ ወርድ ከሥር 90፣ ከላይ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው ከመሬት በላይ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። መሠረቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ አፈሩ አሁንም ልል ከሆነ ጠንካራው እስኪገኝ ጨምሩ። በዚህ ልክ አንድ ሜትር ካብ ከአንድ ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ ድንጋይ ይወስዳል፤ ጠቅላላው ከ1,000 ሜትር ኩብ በላይ ነው። አንድ ካቢና አንድ አቀባይ በቀን 2 ሜትር ተኩል ይሠራሉ ብላችሁ አስሉ። 20 ጥንድ በደቦ ከወጣ 19 የሥራ ቀን ይሆናል። ማጓጓዙ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ድንጋዩ ቀድሞ በየ10 ሜትሩ ተከምሮ ይጠብቅ።

አካካቡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ረድፍ ድንጋይ ላይ በላይ መደርደሩ ነው። ካቡ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱም ወደ መሐል ትንሽ ያዘነብላሉ። መሐሉ በጠጠር ይጠቀጠቃል። አፈር እንዳታስገቡ፤ ክረምት ሲመጣ አፈሩ ታጥቦ ይወጣና ሆዱ ባዶ የሆነው ካብ ይሰምጣል። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ስትደርሱ በየአንድ ሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ አጋድሙ፤ ሁለቱን ፊት አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። የላይኛው ድንጋይ መጋጠሚያ ከታችኛው መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር አይዋል። አናቱ ላይ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻውን በቀላሉ የማያነሳው ከባድ ድንጋይ ይሁን፤ እረኛ ሲወጣበት የሚናደው ቀላል ድንጋይ የተደረደረበት ካብ ነው። ውኃ በሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ሁሉ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ተዉ። ያለዚያ ጎርፉ ከኋላ ይጠራቀምና በሐምሌ ይገፋዋል። ጥንቸልም ጃርትም የሚያልፉት በዚያው ቀዳዳ ነው።

ድንጋዩን ከአጎራባች ማሳ ልቀሙ። ማሳው ይጠራለታልና ገበሬው ራሱ ያግዛችኋል። ከእርከን፣ ከወንዝ ዳር እና ከደኑ ውስጥ አንድም ድንጋይ አታንሱ። ጊዜው እህል ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው።

ሐረግ፦ ስለ ሲሚንቶስ? ግንብ ቢሆን አይሻልም?

አጸድ፦ አይሻልም። ወጪው ይበዛል፣ ሲሰነጠቅ መንደርተኛው ሊጠግነው አይችልም፣ አሸዋውና ውኃውም ከሩቅ ይመጣል። ደረቅ ካብ ሲናድ በዚያው ቀን በዚያው ድንጋይ ይመለሳል። እንሽላሊትም ንብም በየስንጥቁ ይገባሉ።

ባሕር ዳር 14፦ ካቡ የት ላይ ይረፍ? ከዛፎቹ ሥር ነው ወይስ ራቅ ብሎ?

አጸድ፦ ከመጨረሻው ዛፍ 5 እስከ 10 ሜትር ወጣ ብሎ። ዛፉ ሥር ብትቆፍሩ ሥሩን ትቆርጣላችሁ፤ ደኑም የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ነገር ግን ያ 5 ሜትር የሰው ማሳ ሊሆን ይችላል። አንድ ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት የቀበሌው መሬት አስተዳደር፣ ሰበካ ጉባኤውና አጎራባቾቹ በተገኙበት ወሰኑ ይለካ፣ በቃለ ጉባኤ ይፈረም፣ ይዞታ ማረጋገጫው ላይ ካለው ካርታ ጋር ይመሳከር። በቃል ብቻ የተካበ ካብ ባለማሳው ሲቀየር ይፈርሳል።

ሰሎሜ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተፈጥሮን ለማዳን እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ?

አጸድ፦ የትኛውን ደን? የት? ከብት ይገባል አይገባም? እነዚህን ይዘሽ ተመለሽ፣ እመልስልሻለሁ።

ዲያቆን ከጎጃም፦ መምህር፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ደኑን የጠበቀው ግዝት ነው እንጂ ካብ አይደለም። አባቶች «ከዚህ ቅጽር ቅርንጫፍ የሰበረ» ብለው ካወገዙ ማን ይደፍራል?

አጸድ፦ ግዝቱ ሰውን ይይዛል፣ ለዚህም ነው ዙሪያው ተመንጥሮ ደኑ ብቻ የቀረው። ፍየል ግን ግዝት አታውቅም። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በ28 አብያተ ክርስቲያናት በተደረገ ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅ ተቆጥሯል። ያ ሀብት እንዳለ የቆየው ትልልቆቹ ዛፎች ስላልተቆረጡ ነው። ከሥራቸው ጎንበስ ብለህ እይ፦ ጉልበት የደረሰ የጥቁር እንጨት ቡቃያ ታገኛለህ? ጣት የሚያህለው እንኳ ጫፉ ተነጭቶ፣ ተረግጦ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የምታገኘው። ያረጀው ሲወድቅ የሚተካው የለም።

ዲያቆን ከጎጃም፦ እንግዲያው ሁለቱም ይሁኑ።

አጸድ፦ ይሁኑ እንጂ። ካቡ በተመረቀ ዕለት አለቃው ግዝቱን ልቅ ግጦሽን ጨምረው ቢያውጁት ካቡን የሚንድ አይኖርም። ይህን ለሰበካ ጉባኤያችሁ አንተ ብታቀርበው ከእኔ ይልቅ ይሰማሉ።

ወርቄ፦ የእኛ ደብር በቅጥሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ የሰንበቴው ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ተቃውሞ ብናነሳ «ቤተ ክርስቲያኑን በምን እናሠራ?» ይሉናል።

ሐረግ፦ ባሕር ዛፍ መነቀል አለበት! አፈር ያደርቃል።

ወርቄ፦ ነቅለሽ ጣሪያውን በምን ትከድኚዋለሽ?

ሐረግ፦ ከምኒልክ ዘመን በፊት ቤተ ክርስቲያን አልነበረም?

ዲያቆን ከጎጃም፦ በሣር ይከደን ነበር፤ አሁን ሣሩም የለም።

አጸድ፦ እህቶቼ፣ ሁለታችሁም ግማሽ እውነት ይዛችኋል። ገቢውን ሳትተኩ ንቀሉ ማለት ሰሚ አያገኝም። አንድ ጊዜ ሙልጭ አድርጎ መቁረጥም ስህተት ነው፤ ፀሐይ ድንገት ሲገባ አረም ወርሮት የአገር በቀሉን ቡቃያ ያንቀዋል። ከደኑ ዳር የተተከለውን በሦስት ዙር፣ በየሁለት ዓመቱ ሲሶውን ቁረጡ። ጉቶው ይንሰራራል፤ ቅርፊቱን እስከ አፈሩ ድረስ ልጣችሁ አንሱ፣ ቀንበጡንም ለሁለትና ሦስት ክረምት እየተመላለሳችሁ ስበሩ። በግንዱ ሽያጭ ካቡ ይካብበት። ቀሪው ባሕር ዛፍ ከካቡ ውጭ ቢያንስ 20 ሜትር ርቆ፣ ከምንጭ ደግሞ ከዚያም ርቆ ይተከል። አሁን ወደ ጥያቄ እንመለስ፤ የባሕር ዛፍ ክርክር ቀኑን ሙሉ ሊወስድብን ነው።

ገብሬ፦ ጉሬዛ ማሳችንን እየፈጀ ነው፣ ምን እናድርግ?

አጸድ፦ ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በል ነው፤ እህል የሚያጠፋው ጦጣና ዝንጀሮ ነው፤ ለይታችሁ እዩ። የማሳ ጥበቃውን የወረዳ ግብርና ባለሙያ ይንገራችሁ።

እህታችሁ ከኩዌት፦ እዚህ የአቦሸማኔ ግልገል በስልክ ማስታወቂያ ሲሸጥ አየሁ። ገንዘብ አዋጥተን ገዝተን ብናድነውስ?

አጸድ፦ አትግዙ። አንዱን ስትገዙ ሌላ ግልገል ከእናቱ እንዲነጠቅ ዋጋ እየከፈላችሁ ነው። ማስታወቂያውንም አታጋሩት። የሻጩን የመለያ ስም፣ ቀኑንና የማስታወቂያውን ምስል አስቀምጣችሁ ለአገሩ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ላኩ።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ እኛ የአንድ አጥቢያ ተወላጆች ለካብ ገንዘብ ሰብስበናል። ለማን እንላክ? ችግኝም ጨምረን እናስተክል?

አጸድ፦ ለአንድ ሰው የግል ሒሳብ አትላኩ፣ ያ ሰው አባት ቢሆንም። በሰበካ ጉባኤው ስም፣ በሦስት ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይከፈት። ክፍያው በተካበ ሜትር ይሁን፦ ለድንጋይ ማጓጓዣና ለመሣሪያ 20 ከመቶ በቅድሚያ፣ ቀሪው በየ100 ሜትሩ ተለክቶ። ከመጀመሩ በፊት አራት ቦታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ፣ በየሦስት ወሩ ከዚያው ቦታ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ። ከ1,000 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይልቅ የሚያጣላው የጎደለ ደረሰኝ ነው። ለእንክብካቤ በየዓመቱ ትንሽ ገንዘብ አስቀሩ፤ የመጀመሪያው ክረምት የሆነ ቦታ መናዱ አይቀርም።

ችግኙን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት። ከብት ሳይወጣ የተተከለ ችግኝ ለፍየል የተገዛ መኖ ነው።

አበበ፦ ሰላም፣ በዚህ ክረምት 2,000 ችግኝ ልንተክል ነው። የትኛው ዛፍ ይሻላል?

አጸድ፦ አበበ፣ ከላይ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ታጥሯል?

አበበ፦ ግማሹ ታጥሯል።

አጸድ፦ ግማሽ አጥር አጥር አይደለም፤ ከብቱ በክፍቱ ገብቶ ሁሉን ያዳርሳል። ቀሪውን ቢያንስ በእሾህ ዝጉት። ከተዘጋ በኋላ አንድ ዓመት ሳትተክሉ ጠብቁ፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ዘር ራሱ ይበቅላል። ከዚያ ክፍት ሆኖ የቀረውን ብቻ ሙሉ፣ ዘሩንም ከዚያው ደን ልቀሙ። የጥቁር እንጨት ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ ሥጋውን አጥባችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዝሩት። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ውስጡን ሳትጎዱ በቀስታ ሰንጥቃችሁ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። የሐበሻ ጥድ ዘግይቶና ሳይተካከል ይበቅላል፣ ተስፋ ቆርጣችሁ መደቡን አትገልብጡ። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ በፍጥነት ያድጋሉ ተብሎ ቢሰጣችሁም ወደ ቅጥሩ አታስገቡ። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አንድ ወር ቀድሞ ይቆፈር። ዝናቡ አፈሩን ክንድ ያህል ካረጠበው በኋላ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ትከሉ። ፕላስቲኩን አውልቁ! ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ተጠቅልሎ በሦስተኛው ዓመት ይደርቃል።

ሰሎሜ፦ ተመለስኩ። 3 ሄክታር፣ ያልታጠረ፣ ከብት ይገባል፣ ከዳሩም እየታረሰ ነው። ለወረዳ ብንነግርም የሰማን የለም።

አጸድ፦ አሁን ገባኝ። በቃል አትንገሩ። ጉግል ኧርዝ ላይ የደኑን ዳር በመስመር ክበቢ፤ ስፋቱንና ዙሪያውን ራሱ ያሰላልሻል። የቆዩትን ምስሎች ከፍተሽ የዱሮውንና የቅርቡን አወዳድሪ፣ ሁለቱም የጥር ወይም የየካቲት ይሁኑ። በክረምት ምስል ማሳውም አረንጓዴ ስለሚሆን ደንና ሰብል አይለይም፣ ተከራካሪሽ ያን ይዞ ይረታሻል። ምስሎቹን ጎን ለጎን አትሚ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ የጎደለው ስፋት፣ በየትኛው ወሰን በኩል፣ የሚጠየቀው እርምጃ (ወሰኑ ይለካ፣ ችካል ይተከል)። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ብሎ ይለያል፤ የእናንተ በየትኛው እንደሚመዘገብ በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ። የሰበካ ጉባኤው ማኅተም ይኑርበት። ግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፊ ከቢሮው አትውጪ። የአራሹን ስም ግን በቴሌግራም አታውጡ፤ የነገ አጎራባቻችሁ ነው፣ ወሰኑ ላይ የምትፈልጉትም የእሱን ፊርማ ነው።

ወርቄ፦ መካነ መቃብሩ ደኑን እየወረረው ነው፤ ምን ይደረግ?

አጸድ፦ ይህ የአለቃውና የሰበካ ጉባኤው ውሳኔ ነው፣ እኔ አልገባበትም። የመቃብር ሲሚንቶ በዛፍ ሥር ላይ እንዳይፈስ ግን ንገሯቸው።

ማርያም ሰፈር፦ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ካቡ ከተዘጋ በኋላ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፤ እሳት ይነሳል ብለው የሚሰጉ አሉ። በሩስ?

አጸድ፦ ስጋታቸው ልክ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሣሩ በማጭድ ይታጨድ፣ በሬም ላምም ሳይገባ በሰው ሸክም ይወጣ። ከማጨዱ በፊት ልጆች ገብተው በየቡቃያው አጠገብ ረጅም ዱላ ይትከሉ፤ አጫጁ ሳያይ የሚቆርጠው ቡቃያ ብዙ ነው። ሣሩ በቅድሚያ መሬታቸው ለተነካና ከብታቸው ለተከለከለ አጎራባቾች ይከፋፈል።

ከበሩ የሚበዛ ችግር የለም። ሁለት ይብቃችሁ፤ አንዱ ለአስከሬንና ለታቦት የሚበቃ 2 ሜትር ተኩል፣ ሌላው ለሰው 80 ሳንቲ ሜትር። የጠባቡን ምሰሶ ወደ ውስጥ ትንሽ አዘንብላችሁ ትከሉት፤ መዝጊያው በራሱ ክብደት ይመለሳል። የሰፊውን ቁልፍ ቄሰ ገበዙ ይያዙ፣ አንድ ትርፍ ደግሞ በአቅራቢያው ያለ አጎራባች ቤት ይቀመጥ፤ በቀብር ቀን ቁልፍ ከጠፋ ካቡን ነው የሚያፈርሱት።